ከሥራው ያልተለየ ፊት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የፎቶግራፍ ዓይነት ነው። ሠራተኛን ከሥራ ቦታው ሳይነቅሉ፣ በሱቁ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በጋራዡ ወይም በጋሪው ላይ እንዳለ፣ ፈቅዶና ወደ ካሜራው እያየ ስለሚያነሱት ፎቶግራፍ። የማስረዳችሁም አንድ ነገር ነው፦ በአገራችን ለሥራ የተሰጠው ክብር ከቃል አልፎ በዓይን እንዲታይ ከተፈለገ፣ የሠራተኛው ፊት ከሥራው፣ ፎቶውም ከስሙ መለየት የለበትም።

ከራሳችን፣ ከአሰላና ከአርሲ እንጀምር። አርሲ ያልተነሳ አገር አይደለም። ከጭላሎ ግርጌ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተወለደ፤ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው በቆጂ ከብዙ አገር ካሜራ የያዘ እንግዳ ይመላለስባታል። የሚነሳው ፎቶ ግን ይመሳሰላል፦ የማለዳ ጉም፣ ባሕር ዛፍ፣ ተሰልፈው የሚሮጡ ልጆች። ውብ ነው፤ እውነትም ነው። እኛም እንኮራበታለን። ነገር ግን የሚሮጠውን ልጅ ያሳደገችው እናት በገበያ ምን ትሸጥ እንደነበር፣ የተቀደደ ጫማውን ማን እንደሰፋለት፣ ለቁርሱ የሚሆነውን ገብስ ማን እንደፈጨ ከእነዚያ ፎቶዎች አናውቅም። ሯጩን ያቆመው የብዙ ሰው ሥራ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ቀርቷል።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄሪ ሮትዌል ዘጋቢ ፊልም ይህን ጉድለት ተረድቶታል። ፊልሙ የበቆጂን ሁለት ወጣት ሯጮች ይከተላል፤ ታሪካቸውን የሚነግረን ግን በመንገድ ዳር ኪዮስክ የሚሠራ እኩያቸው ነው። እሱ ከኪዮስኩ መስኮት ሆኖ ከተማዋን ያያል፤ እኛም በእሱ መስኮት እናያለን። አንድ ልጅ የሚሸጠውን ዕቃ ከኋላው ደርድሮ፣ ደንበኛ እያስተናገደ ሲናገር ስናይ፣ ስለ በቆጂ ኑሮ ከአሥር የሩጫ ፎቶ የማናገኘውን እንረዳለን።

ጉድለቱ ግን የቆየ ነው፤ የኢትዮጵያዊ አካል ያለ ፊቱና ያለ ስሙ በዓለም መዞሩ አዲስ ነገር አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ.፣ የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት፣ አልፍሬድ አይዘንሽታት የተባለው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አገራችን መጥቶ ነበር። ካነሳቸው ሁሉ በጣም የታወቀው አንዱ በጭቃ የተለወሰ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ፎቶው ኃይለኛ ነው፤ አገሪቱ በምን አቅም ምን ዓይነት ጦር ልትገጥም እንደነበር ባንድ እይታ ይናገራል። ሰውዬው ግን የለበትም። ባለ እግሩ ማን ነበር? ከመዝመቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር? ማረሻ ይዞ ነበር ወይስ መዶሻ? ፎቶው ይህን ለመጠየቅ አልቆመም።

እኛስ የራሳችንን ሠራተኛ ለምን አላነሳነውም? ካሜራ በአገራችን ሥር የሰደደው ከላይ፣ ከቤተ መንግሥት ጀምሮ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ሙያውን ቀጥለዋል። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ መኳንንቱና መሳፍንቱ በሙሉ ልብሳቸውና በማዕረጋቸው ተነሱ። አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በአብዛኛው የታዩት የውጭ ተጓዦች ለመጽሐፋቸው ባነሷቸው ፎቶዎች ነው፤ ያም ሲሆን የሙያው ስም ይጻፋል እንጂ የሰውየው ስም አይጻፍም።

ከካሜራው አመጣጥ የባሰው ምክንያት ግን ንቀቱ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው በእጁ ሥራ የሚሰደብበት አገር ነበርን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ አገር የሚጎዳ መሆኑን ስላዩ ነው። አዋጁ ስድቡን ሊከለክል ይችላል፤ በተሰዳቢው ልብ ውስጥ የተቀመጠውን ሐፍረት ግን በአንድ ቀን አያወጣውም።

የዚያ ሐፍረት ርዝራዥ ዛሬም ከካሜራ ፊት ይታያል። ሥራ ላይ ያለን ሰው «ፎቶ ላንሳዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር» የሚል ነው። ወፍጮ ቤት የሚሠራው ዱቄቱን ያራግፋል። መካኒኩ ግራሶ የነካውን እጁን ከኋላው ይደብቃል። ምግብ አብሳይዋ ሽርጧን ፈትታ ነጠላዋን ትፈልጋለች።

ይህን «ልብሴን ልቀይር» ማለት የሚያቃልል ፎቶ አንሺ ተሳስቷል። በከተሞቻችን የነበሩ ፎቶ ቤቶች የሕዝቡን ፍላጎት በደንብ ያውቁት ነበር። ከመጋረጃው ላይ የተሳለ ፏፏቴ፣ የወረቀት አበባ፣ ለደንበኛ የሚዋስ ኮትና ክራባት ነበራቸው። ሰው ወደዚያ የሚገባው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ መሆን የሚመኘውን ሆኖ ለመውጣት ነበር። ማሊያዊው ሴይዱ ኬይታ በ1948 እ.ኤ.አ. ባማኮ ላይ በከፈተው ፎቶ ቤት ያነሳቸው ሰዎች ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ክብራቸው ግልጽ ነው። እንግዲህ ፎቶ ቤቱን አንናቅ። ሰውየው ልብሱን መቀየር ከፈለገ ይቀይር፤ እንደዚያ አድርገን እናንሳው፤ ፎቶውን እንስጠው። ከዚያ በኋላ «አሁን ደግሞ እንዲህ በሥራዎ ላይ እንዳሉ ባነሳዎትስ?» ብለን እንጠይቀው። መጀመሪያ የፈለገውን ያገኘ ሰው ሁለተኛውን በእምነት ይሰጣል። ቸኩለን የሰረቅነው ፎቶ ግን ሐፍረቱን ያጸናዋል።

ይህን መንገድ ከእኛ በፊት የተጓዙ አሉ። ጀርመናዊው አውጉስት ዛንደር ኮሎኝ ከተማ ፎቶ ቤት የነበረው ሰው ነው። የዘመኑን ሕዝብ በየሙያው ለማንሳት ቆርጦ ተነሳ፤ ገበሬውን፣ ጡብ ተሸካሚውን፣ ጠበቃውን፣ ሥራ ፈቱን። በ1928 እ.ኤ.አ. ያነሳው ኬክ ጋጋሪ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ በማብሰያ ክፍሉ መካከል ቆሟል፤ አንድ እጁ ትልቁን የብረት ሳህን ይዟል፣ ሌላው የሚያማስልበትን። ሆዱን አላስገባም፣ ፈገግ አላለም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው በወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ እርሱም በሳህኑ ፊት ቆሟል። ዛንደር በ1929 እ.ኤ.አ. 60 ፎቶዎችን በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ናዚዎች መጽሐፉን ወርሰው ማተሚያ ሰሌዳዎቹን አጠፉ። እነርሱ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት የጀርመን ፊት ነበር፤ ዛንደር ያሳየው ደግሞ እንደ ሥራውና እንደ ኑሮው የሚለያይ ብዙ ፊት ነው። በጸጥታ የቆመ ሠራተኛ ፎቶ አምባገነንን ሊያስከፋ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

አሜሪካዊው ሚልተን ሮጎቪን ደግሞ በበፋሎ ከተማ የዓይን መነጽር ባለሙያ ነበር። የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞችን መጀመሪያ በፋብሪካው፣ ቀጥሎ በቤታቸው አነሳቸው። በአንድ ሠፈር ያነሳቸውን ሰዎች ደግሞ ከዓመታት በኋላ እየተመለሰ ደጋግሞ አነሳ፤ ፎቷቸውንም ይሰጣቸው ነበር። ለዚህ ሥራው ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገውም፤ የሚሠራበት ከተማ በቃው። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ኧርቪንግ ፔን በ1950 እና በ1951 እ.ኤ.አ. በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ ሠራተኞችን ከነመሣሪያቸው ወደ ስቱዲዮው እየጠራ በባዶ ሸራ ፊት አነሳቸው። በእኛው አዲስ አበባ ግርማ በርታ የመንገድ ላይ ሠራተኞችንና እግረኞችን በስልኩ አንስቶ፣ ዙሪያቸውን ሁሉ አጥፍቶ በደማቅ አንድ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በዚህ ሥራው ዓለም አቀፍ የጌቲና የኢንስታግራም ድጋፍ አግኝቷል። ሁለቱም ሰውየውን ከግርግሩ አውጥተው ልብ ብለን እንድናየው ያስገድዱናል፤ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ለአሰላ የምመክረው ግን የሥራ ቦታውን በፎቶው ውስጥ እንድታቆዩት ነው። ሱቁ ስለ ሰውየው ይመሰክራል። ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ፣ በእጅ የተጻፈው የዋጋ ዝርዝር፣ የታፔላው ፊደል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ጀሪካን፣ ከመደርደሪያው ጥግ ያለው ሬዲዮ ዛሬ ለእኛ ምንም አይደሉም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ከ30 ዓመት በኋላ ግን ስለ ዘመናችን ኑሮ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እነርሱን ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። አሰላ ላይ ማንን እናንሳ?

ይህ ምድር የስንዴና የገብስ አገር ነው። ካዱ እየተባለ የሚታወቀው፣ በስዊድን ድጋፍ በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና የእርሻ መሣሪያ አስፋፍቷል። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ዛሬም የስንዴ ዝርያ ያወጣል። ስለ ዘሩ፣ ስለ ምርቱና ስለ ኩንታሉ ብዙ ተጽፏል። ኩንታሉን የሚሸከመው ሰውስ? ገብሱ ከገበሬው ማሳ እስከ አሰላ ብቅል ፋብሪካ እስኪደርስ ስንት ትከሻ ይነካል? በእህል መደብር ሚዛን የሚያቆመው፣ ጆንያ የሚሰፋው፣ መኪና ላይ የሚጭነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከማሳ ማሳ የሚዞረው የኮምባይነር ሾፌር፣ የኮምባይነሩን ቢላ የሚበይደው፣ ጎማውን የሚለጥፈው ጎሚስታ፣ ጩኮ አዘጋጅታ የምትሸጠው እናት፣ ባለ ጋሪው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን የዘረጋው ልብስ ሰፊ፣ ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምታፈላው ወጣት፤ የአሰላ ፊት የእነዚህ ሁሉ ፊት ነው።

ብርሃኑን ከበሩ ውሰዱ። ሱቆቻችን ጠባብና ጥልቅ ናቸው፤ አብዛኞቹ ብርሃን የሚያገኙት በበር ብቻ ነው። ይህ ለፎቶ አንሺ ጸጋ ነው። ሰውየውን ከበሩ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አቁሙት፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ያዙር። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ፊቱን ያወጣዋል፣ ከኋላው ያለው ዕቃ ግን ሳይጠፋ ይደበዝዛል። እኩለ ቀን ላይ ውጭ ማንሳትን ተዉት፤ በእኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የዓይንን ጉድጓድ ጨለማ ታደርገዋለች። በክረምት ደመናው ሰማዩን ሲሸፍን ደግሞ ቀኑን ሙሉ መልካም ብርሃን አለ፤ ብዙዎች ካሜራቸውን የሚያስቀምጡበት ወር ለእናንተ የሥራ ወር ይሁን።

ወፍጮ ቤት ስትገቡ ተጠንቀቁ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ዱቄት የሞላበትን ክፍል ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ይጠፋል። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌን ስታነሱም እንዲሁ ነው። ብርሃኑን የምትለኩት በፊቱ ላይ ይሁን፤ በስልክም ቢሆን ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። ዱቄቱ ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደል፤ ፊት ከጠፋ ግን ሥራው ሁሉ ጠፋ።

የሚንቀሳቀስ እጅ አትፍሩ። ልብስ ሰፊው ፊቱን ቀና አድርጎ ሲያያችሁ እጁ መንኮራኩሩን ቢያዞር፣ በ1/30 ሰከንድ ብታነሱት ፊቱ ይጸናል፣ እጁ ይፈሳል። ያኔ ፎቶው ሥራውንም ሰውየውንም ይይዛል። በያጁን ስታነሱ ግን ጭምብሉን ከፍ እስኪያደርግ ጠብቁ፤ የብየዳው ብርሃን የእናንተንም ዓይን ይጎዳል፣ የእርሱም ፊት ከጭምብሉ ጀርባ ነው።

ከሰውየው ዓይን ከፍ ብላችሁ አትቁሙ። ሊስትሮ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ ቆማችሁ ብታነሱት ደንበኛው እንደሚያየው ታሳንሱታላችሁ። ተንበርከኩ። ስልካችሁን ደግሞ ፊቱ ላይ አትደቅኑ፤ የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በቅርብ ሲነሳ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሳንሳል። ራቅ በሉ።

አሁን ከብርሃንም ከሌንስም የሚበልጠውን ልናገር፤ ፈቃድን። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለታወቁ ሰዎች፣ ለፍትሕ፣ ለሳይንስና ለባህል ጉዳይ እንዲሁም በአደባባይ ለተፈጸሙ ነገሮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ፎቶ አንሺ በልዩ ሁኔታው ይጠለላል። እኔ የምለምናችሁ በዋናው ሕግ እንድትኖሩ ነው።

በሥራ ቦታ ደግሞ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የባለቤቱ ፈቃድ የተቀጣሪው ፈቃድ አይደለም። ሥጋ ቤት ገብታችሁ ባለቤቱን ብታስፈቅዱ፣ ከኋላ ድስት የምታጥበው ልጅ አልፈቀደችም። አሠሪዋ ፊት «እምቢ» ማለት ይከብዳታል፤ ዝም ማለቷን እሺታ አታድርጉት። ለብቻዋ፣ በሚገባት ቋንቋ፣ ፎቶው የት እንደሚታይ ነግራችሁ ጠይቋት። እምቢ ካለች አመስግናችሁ ውጡ።

ስም አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በአንድ ታላቅ ፎቶ ተምሯል። በ1936 እ.ኤ.አ. ዶሮቲያ ላንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ሜዳ አንዲትን እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። ፎቶው የዘመኑ የአሜሪካ ችግር ምልክት ሆነ። ላንግ ግን የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም። በ1978 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ ሲታወቅ፣ ሴትየዋ ከፎቶው ያገኘችው ጥቅም እንደሌለና ባልተነሳች እንደምትመርጥ ተናገረች። ለ42 ዓመት ፊቷ የሁሉ ሆኖ ኖሯል፤ ለእርሷ ግን የቀረላት ነገር አልነበረም። ላንግ ለድሀ የምታዝን ሰው ነበረች። መልካም ልብ ያለው ፎቶ አንሺ እንኳ ይህን ያህል ሊጎዳ ከቻለ፣ እኛ በልባችን መልካምነት ብቻ መተማመን አይገባንም፤ ደንብ ያስፈልገናል።

ደንቡን እንዲህ አቀርባለሁ። ለእያንዳንዱ ፎቶ የሰውየው ስም ከነአባቱ፣ ሙያው፣ የሥራ ቦታው፣ ቀኑና ፈቃዱ ይመዝገብ። ስሙ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ባለቤቱ ራሱ እንደሚጽፈው ይጻፍ። ስለ ሥራው የተናገረው አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይያዝ፤ ሙያውን ከማን ተማረ፣ ስንት ዓመት ሠራበት፣ ምን ተለወጠ። ከዚያ አንድ ቅጂ ታትሞ ለእርሱ ይሰጠው፤ በስልክ የተላከ ምስል ስልኩ ሲሰበር ይጠፋል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግን ለልጅ ይተርፋል። ሌላ ቅጂ ከነመዝገቡ በከተማው ይቀመጥ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ የባህል መሥሪያ ቤት አለን፤ ቤተ መጻሕፍት አለን። ቦታ አጣን ልንል አንችልም።

አዲስ አበባ ላይ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን በራሳቸው ካሜራ እንዲያሳዩ መድረክ ሆኗል። በአዲስ አበባ ቤተሰቦች አልበም ውስጥ የተደበቁ የድሮ ፎቶዎችም ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል። አሰላም የራሷን መጀመር ትችላለች። ትርኢቱም አዳራሽ አያስፈልገውም። የልብስ ሰፊዎቹ ፎቶ በልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ፣ የጎሚስታው በጎሚስታው አጥር፣ የጩኮ ሻጮቹ በገበያው መግቢያ ይሰቀል። መጀመሪያ የሚያዩት ራሳቸው፣ ደንበኞቻቸውና ልጆቻቸው ይሁኑ። አንድ ልጅ የአባቱን ፎቶ ከነግራሶው፣ ከነሙሉ ስሙ በአደባባይ ተሰቅሎ ሲያይና ሰዎች ቆመው ሲያነቡት ሲሰማ፣ ከ1900 ዓ.ም. አዋጅ ተርፎ የቀረው ሐፍረት የሚወጣው ያኔ ነው።

እናንተ ካሜራ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ፈቃድ የሚሰጣችሁ ድርጅትም ሆነ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ አትጠብቁ። ከቤታችሁ አጠገብ ባለው አንድ ሱቅ ጀምሩ። ሰላምታ ስጡ፣ ዕቃ ግዙ፣ ተቀምጣችሁ ተጫወቱ፣ ከዚያ ጠይቁ። ፎቶ አንሥታችሁ አትጥፉ፤ አሳትማችሁ ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ሱቅ ሂዱና ያንኑ ሰው እንደገና አንሱት። እናንተ የንግድ ሰዎች ደግሞ ሲመጡባችሁ በራችሁን ክፈቱላቸው፤ የሥራ ልብሳችሁንም አታውልቁ። ይህች ከተማ የቆመችው በዚያ ልብስ ነው፤ ልጆቻችሁ የሚያውቋችሁ፣ የምንኮራባችሁም በዚያው ነው።